እሱው ነው ወይስ እሱን የመሰለ?

አንድ ቤት ይታሰብ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ከደረጃው ሥር፣ ጫማና ጃንጥላ በሚወረወርበት ጠባብ ቦታ፣ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ሳትጠፋ ትሠራለች። ውስጧ የቤተሰቡ ፊልሞች አሉ፣ የልጆች ልደት አለ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የተደገሰው የወላጆች ሰርግም አለ። የሰርጉ ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ልጃቸው ዲቪ በሚባለው ፎርማት ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጠው ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ስለወሰደ 39 ጊጋባይት የሚያህል ፋይል ሆኖ ተቀመጠ።

አዲስ አበባ ያሉት እናት ስልካቸውን ከፍተው ሰርጋቸውን ሲጫኑ የሚደርሳቸው ግን ያ ፋይል አይደለም። ስልካቸው ዲቪ አያነብም። ቢያነብም ለምስሉ ብቻ በሰከንድ 25 ሜጋቢት ሳያቋርጥ መጉረፍ አለበት፤ የሞባይል ዳታ እየገዛ ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ ነው። ስለዚህ ከደረጃው ሥር ያለችው ማሽን ማራገቢያዋን አስነስታ ፊልሙን ትፈታለች፣ ትቀንሳለች፣ ስልኩ በሚያውቀው አጻጻፍ እንደ አዲስ ትጽፈዋለች፤ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ተኩል አድርጋም ትልከዋለች።

ልጅየው ይደውላል። «እማዬ፣ ይታይሻል?»

«ይታየኛል። አባትህ ፊቱ ትንሽ ጠቆረብኝ እንጂ እሱው ነው።»

እሱው ነው። አማርኛ በአንዲት «ው» የሚዘጋውን በር ፈላስፎች በየዘመኑ እየከፈቱ ተከራክረውበታል። እናትየው ያዩት ካሴቱ ላይ ያለውን አይደለም፤ ዲስኩ ላይ የተቀመጠውንም አይደለም። ጣታቸው ስልኩን እስኪነካ ድረስ የትም ያልነበረ፣ አይተው ሲጨርሱም የትም የማይቀር ቪዲዮ ነው፤ ለእሳቸው፣ ለዚያች ስልክና ለዚያ ኔትወርክ ተብሎ በዚያው ቅጽበት የተሠራ። ባለሙያዎች ሥራውን ትራንስኮዲንግ ይሉታል። የድሮ ሰው ቢጠየቅ «መመለስ» ሳይለው አይቀርም ነበር፤ መጽሐፍ ከግዕዝ ወደ አማርኛ ተመለሰ እንደሚባለው።

እንዲህ ያለ ሰርቨር ቤቱ ያቆመ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ «የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» ማለቱ አይቀርም። ላይ ላዩን ሲያዩት የሱቅ ጥያቄ ነው፤ ዋጋ፣ ዋት፣ ሞዴል። ጠጋ ሲሉት ግን ካርዱ የሚገዛው ሥልጣን እንዲሰጠው ነው፤ ከእያንዳንዱ ምስል የቱ ይለፍ የቱ ይቅር ብሎ በሰው ፈንታ የሚወስንበት ሥልጣን። ውሳኔው ደግሞ በሰከንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል።

ለመሆኑ ምን ያህሉ ነው የሚቀረው? በተለምዶ ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ምስል 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት፣ ለአንድ ሰከንድ 24 ምስል ብለን ብናባዛው 1.2 ጊጋቢት ገደማ ይሆናል። ሰው «ኦሪጅናል ነው» ብሎ የሚገዛው የብሉ ሬይ ዲስክ ለቪዲዮው ቢበዛ 40 ሜጋቢት ነው የሚይዘው። ኦሪጅናል የተባለው ራሱ ከጥሬው ከ30 እጅ አንዱ መሆኑ ነው። የቤቱ ካርድ ገና ሥራውን ሳይጀምር ሌላ ማሽን አንድ ጊዜ ቀድሞ ፈርዷል ማለት ነው።

የአፈራረዱ ዘዴ ብልህ ነው። ማሽኑ ምስሉን በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፍላል። ሙሽራዋ ቆማ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ካልተነቃነቀ «እንደ ቅድሙ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እጇን ብታነሳ «ያ እጅ እዚህ ደርሷል» ብሎ ርቀቱን ብቻ ይመዘግባል። የቀረውን ልዩነት ናሲር አህመድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት የሒሳብ ዘዴ ወደ ሞገዶች ይበትነውና ዓይን አይለያቸውም ያላቸውን ደቃቅ ሞገዶች ይጥላል። ቀለምም እንዲሁ ነው። የሰው ዓይን ከብርሃንና ከጥላ ይልቅ በቀለም ላይ ሰነፍ ስለሆነ፣ ለአራት ነጥብ አንድ ቀለም ይበቃል ተብሎ ይታለፋል። የካባው ወርቅማ ጥልፍ ከአራት አንዱ ብቻ እውነተኛ ቀለም ነው፤ ሌላው ከጎረቤቱ የተበደረ ነው።

ሰርግ ደግሞ ለዚህ ማሽን ክፉ ፈተና ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲመርቁ ቀላል ነው፤ ማንም አይንቀሳቀስም። እስክስታ ሲጀመር ሃያ ትከሻ በሃያ አቅጣጫ ይንቀጠቀጣል፤ «ያ ትከሻ እዚህ ደርሷል» የሚለው ስሌት ገና ሳይጻፍ ትከሻው ሌላ ቦታ ሄዷል። ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ሺህ መስመር ነው፤ በአንድ ሜጋቢት ተኩል ሲጨመቅ አረንጓዴ ንፍሮ ይመስላል። የእጣኑ ጭስ ቀስ እያለ መሳሳቱ ይቀርና እንደ ደረጃ ተከፋፍሎ ይታያል። በአዳራሹ ጥግ፣ መብራት በማይደርስበት፣ የቆሙት ዘመዶች ፊት ደግሞ ወደ ቡናማ ካሬዎች ይለወጣል። የእናትየው «ጠቆረብኝ» እዚህ ጋ ነው የመጣው። ወደዚህ እንመለሳለን።

ድሮ ይህን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ፕሮሰሰር ነበር፤ ላቡ ጠብ እስኪል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ክዊክ ሲንክ የተባለውን የቪዲዮ ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገባ፤ ኤንቪዲያ በዓመቱ ኤንቬንክን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ጨመረ። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤንቬንክ ካርዱን ለጌም ውድ ከሚያደርጉት ክፍሎች ጋር አይሠራም፤ ራሱን የቻለ ትንሽ ቪዲዮ ጻፊ ክፍል፣ ማለትም ኢንኮደር ነው። አርቲኤክስ 4090 በ1,599 ዶላር ገበያ ላይ ወጣ፤ 450 ዋት ይጠጣል። አርቲኤክስ 4060 በ299 ዶላር ወጣ፤ 115 ዋት ይበቃዋል። የሁለቱ ኢንኮደር ግን የአንድ ትውልድ ነው። ውዱ ሁለት ኢንኮደር ስላለው ብዙ ሰው በአንዴ ያስተናግዳል እንጂ እናትየው የሚያዩትን ፊት የተሻለ አድርጎ አይሥልም። በአንጻሩ ጂቲኤክስ 1650 መጀመሪያ ሲወጣ ስሙ የአዲሱ ትውልድ ሆኖ ኢንኮደሩ የቀዳሚው ነበር። ስሙ የልጅ፣ ዓይኑ የአያት። ስለዚህ በዚህ ገበያ ዋጋ ሳይሆን ትውልድ ነው የሚጠየቀው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ኤንቪዲያ ለተራ ሰው የሚሸጣቸው ካርዶች በአንድ ጊዜ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ቪዲዮ እንዳይጽፉ በሶፍትዌር ታግደው ኖረዋል። ገደቡ 3 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 5፣ ቀጥሎም ወደ 8 ከፍ ሲል ካርዱ ላይ አንዲት ሽቦ አልተነካችም። አቅም ሳይጎድል የሚከለከል አቅም አለ ማለት ነው፤ የነፃ ፈቃድ ሊቃውንት ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ምሳሌ።

የቤት ሰርቨር ሰዎች የወደዱት የኢንቴሉን አርክ ኤ380 ነው፤ 75 ዋት ነው፣ ኤቪ1 የተባለውን አዲስ አጻጻፍ ለመጻፍ ከቻሉት የመጀመሪያዎቹ ካርዶች መካከልም ነው። አንድ ሁለት ተመልካች ብቻ ላለው ቤት ግን ካርድ ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። 6 ዋት የምትባለው ኤን100 ፕሮሰሰር ክዊክ ሲንክ በውስጧ አለ፤ የካሴት ቪዲዮ ለእሷ ምንም አይደለም። ሥራ ፈትቶ 20 ዋት የሚጠጣ ካርድ በዓመት 175 ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበላም ማስታወስ ነው፤ ፊልም ቢታይም ባይታይም።

እስከዚህ የሱቁ ጉዳይ ነበር።

የመረጃ ሒሳብ አባት የሚባለው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት ይህን ሁሉ ያስቻለውን ሐሳብ አስቀምጧል። መልእክት ሳይጎድል ማለፍ ካልቻለ ምን ያህል ቢጎድል ይፈቀዳል? ለዚህ መለኪያ የሰጠው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የታማኝነት መስፈርት» ነው። መሐንዲሶች ቃሉን ሳያስተውሉት ያልፋሉ። አማርኛ ተናጋሪ ግን «ታማኝ» ሲባል ወዲያው «ለማን?» ይላል፤ ታማኝነት ያለ ባለቤት አይቆምምና። ቅጂው የሚታመነው ለካሴቱ ነው ወይስ ለሚያየው ሰው?

ኢንኮደሩ በየካሬው የሚሠራው ስሌት ይህንኑ ጥያቄ በድፍረት ይመልሳል። የጎደለውን ጥራት ይወስዳል፤ የወጣውን ቢት በላምዳ ያባዛል፤ ሁለቱን ደምሮ ትንሹን ይመርጣል። ላምዳ ማለት የስስት ልክ ናት። ከፍ ስትል ማሽኑ ይቆጥባል፣ ዝቅ ስትል ይለግሳል። ፊት ይሁን ግድግዳ፣ ሙሽራ ይሁን መጋረጃ አይጠይቅም። ካርዶች ደግሞ ችኩሎች ናቸው፤ ምስሉ እየፈሰሰ ስለሆነ ብዙ አማራጭ ሞክሮ ለማመዛዘን ጊዜ የላቸውም። ዝግ ያለው ሶፍትዌር በአንድ ካሬ ላይ ቆሞ የሚያሰላውን ያህል አያሰሉም።

የውጤቱ መለኪያም በሁለት ወገን ይከፈላል። ፒኤስኤንአር የተባለው አሮጌው መለኪያ ቅጂውን ከምንጩ ጋር ነጥብ በነጥብ ያስተያያል፤ ሰው የሚባል ነገር አያውቅም። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ የለቀቀው ቪማፍ ግን ሰዎችን ቪዲዮ እያሳዩ ነጥብ አሰጥተው ያሠለጠኑት ነው። የመጀመሪያው ለምንጩ ይታመናል፣ ሁለተኛው ለዓይን። ይኸው የድሮ ክርክር በአዲስ ልብስ ነው።

ፈላስፋው ላይብኒዝ በዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1716 ከሳሙኤል ክላርክ ጋር ሲጻጻፍ እንደተረከው፣ ልዕልት ሶፊያ ባሉበት በሄረንሃውዘን የአትክልት ስፍራ ከመኳንንቱ አንዱ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቅጠሎች አገኛለሁ ብሎ ብዙ ዞረ፤ አላገኘም። የላይብኒዝ አቋም ግልጽ ነው፤ በምንም የማይለያዩ ሁለት ነገሮች ሁለት አይደሉም፣ አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ይህን አናጋው። የ39 ጊጋባይቱን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ቢገለብጡት በአንዲት ቢት እንኳ የማይለያዩ ሁለት ቅጠሎች ይገኛሉ። ትራንስኮዲንግ ግን ወደ ሄረንሃውዘን ይመልሰናል። ያንኑ ሰርግ በሁለት የተለያዩ ካርዶች ብንልከው ሁለቱ ቅጂዎች አይገጥሙም፤ እያንዳንዱ የራሱን ነገር ጥሏል። የላይብኒዝ ሕግ ጥብቅ ሆኖ ከተያዘ እናትየው ተሳስተዋል፤ ያዩት እሱን አይደለም፣ እሱን የመሰለ ነው።

አማርኛ ራሱ ጥርጣሬ አለበት። «ገለበጠ» ማለት ቀዳ ማለት ነው፤ አዙሮ ደፋ ማለትም ነው። በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ሁለተኛውን ፍቺ በጆሮው ያውቀዋል። ከማስተሩ የተቀዳው ጥሩ ነው፣ ከቅጂው የተቀዳው ይሻክራል፣ ከቅጂው ቅጂ የተቀዳው ዘፈኑ ከእሽሽታው ጀርባ ሆኖ ይሰማል። ወደ አሜሪካ የተሻገረው የሰርግ ካሴት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። የኢትዮጵያ ካሴት ፓል ነው፣ በሰከንድ 25 ምስል፤ የአሜሪካ ማጫወቻ ኤንቲኤስሲ ነው፣ 30 ገደማ። ካሴቱ ገንዘብ ተከፍሎ ካልተለወጠ አይታይም ነበር። ሲለወጥ በየሰከንዱ አምስት ያህል ተጨማሪ ምስል ከየትም ማምጣት ግድ ነው፤ ወይ አንዱ ይደገማል ወይ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ማንም ያልቀረጸው፣ በሰርጉ ቀን ፈጽሞ ያልነበረ ቅጽበት በቴፑ ላይ ይገባል። ቤተሰቡ ግን እያለቀሰ አይቶታል።

የመገልበጡን ዳር ማየት የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረገውን ሙከራ ይመልከት። አልቪን ሉሲየር የተባለው የሙዚቃ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1969 ድምፁን ቀርጾ፣ ቅጂውን በክፍሉ አጫውቶ እንደገና እየቀረጸ፣ ቃሉ ጠፍቶ የክፍሉ ዜማ ብቻ እስኪቀር ደጋግሞት ነበር። ያንን አብነት ያደረገ ሰው አንድን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ እየጫነና እያወረደ አንድ ሺህ ጊዜ አመላለሰው። በመጨረሻ ፊቱ ፊት መሆኑ ቀርቶ የሚዋኝ የቀለም ጭቃ ሆነ። መቼ ነው «እሱው» መሆኑን ያቆመው? በመቶኛው? በሦስት መቶኛው? ድንበሩ ላይ የሚቆም ጠባቂ የለም።

ቤተ ክርስቲያናችን ግን በቅጂ ጉዳይ ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ይዛ ኖራለች። በትውፊቱ ሙሴ የተቀበለው ጽላት ያለው አክሱም ጽዮን ነው፤ ይሁንና በየደብሩ ታቦት አለ። ከእንጨት ይቀረጽ ከድንጋይ፣ ከአክሱሙ ጋር በክንድ አይለካም። ታቦት የሚያደርገው በጳጳስ እጅ በቅብዓ ሜሮን መክበሩ ነው፤ በጥምቀት ቀን እልል የሚለው ምእመን «ቅጂ ነው» ብሎ ድምፁን አይቀንስም። የብራና ጸሐፊ ጋ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዘለላት ቃል በኅዳጉ ትጻፋለች፣ የሳታት ፊደል ትፋቃለች። አንዱ ለተላከበት ሥራ መታመን ነው፣ ሌላው ለፊደሉ። የሰርግ ቪዲዮን ከታቦት ጋር ማስተካከል ድፍረት ይሆናል፤ መንገዱን ለማየት ያህል ነው።

በመጀመሪያው መንገድ ከሄድን እናትየው ልክ ናቸው። ቪዲዮው የተላከው ባላቸውን እንዲያሳያቸው ነው፤ አሳያቸው፣ አወቋቸው። ቅጂው ሥራውን ሠርቷል። ለአብዛኛው ፊልም ይህ መልስ ይበቃል። አንድ የሆሊውድ ሩጫ ከ40 ሜጋቢት ወደ 4 ቢወርድ የሚጎዳ ሰው የለም።

ለሰርጉ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ማሽኑ የሚታመንለት «ተመልካች» እናትየው አይደሉም። አማካይ ሰው ነው፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ መሀል መሀሉን የሚያይ፣ ጥጉን የማይፈልግ። በጨለማ ጥግ ያለው ዝርዝር ማንም አያየውም ተብሎ ይጣላል። እሳቸው ደግሞ የሚፈልጉት ያንን ጥግ ነው። እዚያ የቆመችው ሟች እህታቸው ናት፤ ሰርጉ ላይ አንድ ጊዜ፣ ለአራት ሰከንድ ብቻ የታየችው። በሚዛኑ ላይ የእሷ ፊት ከመጋረጃው እኩል ነው። ጠይም ፊት በደብዛዛ አዳራሽ ሲሆን ደግሞ ከመጋረጃውም ያንሳል። ለእናትየው «ይበቃሻል» ብሎ የወሰነው ማን ነው? ማሽኑ አይደለም። ልጃቸው ነው፤ ካርዱን ሲገዛና ያቺን አንድ ሜጋቢት ተኩል ሲመርጥ። ያላማከራቸውን ጉድለት በስማቸው ፈርሞላቸዋል።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ፍርድ ሁለት ነው። ለመዝናኛ ፊልሙ ርካሹ ይበቃል፤ የቅርብ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ሰው ከበዛም ኤ380። ከዚያ በላይ የሚወጣው ብር ለጌም ካልሆነ ለማንም አይደለም። ለሰርጉ፣ ለቀብሩ፣ ለአያት ድምፅ ግን ካርድ አያስፈልግም፤ ሌሊት ነው የሚያስፈልገው። ኤክስ264 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ጠፍጣፋና ብዥ ያሉ ቦታዎችን እንዳይረሳ የሚያደርግ ዘዴ አለው፤ በዝግታ እንዲሠራ ታዝዞ ቢያድር ጠዋት ማንኛውም ስልክ ሳይመለስለት የሚያነበው ፋይል ይዞ ይጠብቃል። ያኔ እናትየው ሲጫኑ ከደረጃው ሥር የሚፈርድ የለም፤ የተዘጋጀው እንዳለ ይሄድላቸዋል። የ39 ጊጋባይቱም ፋይል አይደምሰስ። ካሴቱም አይጣል፤ ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ወደ እሱ ነው የሚኬደው።

ካሴቱ ገና ሳይገለበጥ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠበት አንባቢ ካለ ግን ስለ ካርድ ከማሰቡ በፊት የሚሠራ ማጫወቻ ይፈልግ። በዓለም የመጨረሻው የታወቀው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ ኤሌክትሪክ፣ ማጫወቻውን ማምረት ያቆመው በጁላይ 2016 ነው።